«ትንፋሽ ማጠር፦ የለም»፤ ከማንኪራ ጅማ ደርሶ መልስ

ቦንጋ አጠገብ ካለችው መንደራችን ከማንኪራ የወጣነው ሰኞ ጠዋት ነው። ወደ መንገዱ ከመግባቴ በፊት ለምን እንደሄድን ልናገር።

ልጄ ምሕረት ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለች ዓይኗ ቢጫ ሆነ፤ ሰው ሁሉ የወፍ በሽታ ነው አለ። ሐኪሞች ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሳይታወቅ የኖረ ቫይረስ ጉበቷን አድርቆ እንደጨረሰው ነገሩን። መዳኛዋ የጉበት ንቅለ ተከላ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ በአገራችን ስለማይሠራ ፋይሏ ወደ ውጭ አገር ሆስፒታል ተልኳል። ደካ ከተማ መምህር የሆነው ታላቅ ወንድሟ ታደሰ ከጉበቱ ቆርሶ ሊሰጣት ተመርምሮ ገጥሟል። የገንዘቡን ነገር ዘመድ፣ ዕድርና ቤተ ክርስቲያን ይዘውታል፤ እዚህ አላነሳውም። የቀረው አንድ ወረቀት ነበር። የውጭዎቹ ሐኪሞች «የልቧና የሳንባዋ ምርመራ ተሠርቶ ይላክልን፤ እንቀበላት እንደሆነ ያን አይተን እንነግራችኋለን» ብለዋል። ጅማ የሄድነው ለዚህ ወረቀት ነው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ልጆቼን በቀፎና በቡና አሳድጌያለሁ። የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ፤ ሐሰት የተናገረን ሰው በጉባኤ ፊት አስነስቼ የምገሥጽም እኔ ነኝ። ይህን የምለው ቀጥሎ ያለውን ያደረገው ማን እንደሆነ አንባቢ እንዲያውቅ ነው።

ጥቅምት ላይ ፋይሉ ሲላክ አንድ ቅጽ ሞልተን ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ትንፋሽ ማጠር አለ ወይስ የለም?» ይላል። ያኔ ምሕረት ከምንጭ ስትመለስ ሁለት ጊዜ እያረፈች ነበር። ብዕሩን ይዤ አሰብኩ። ገበያ ላይ በቅሎ የሚሸጥ ሰው ገዢ ፊት ሽቅብ አያስኬዳትም፤ ሜዳ ላይ ብቻ ያንሸራሽራታል። እንዲህ የሚያደርጉትን ዕድሜ ልኬን ስኮንን ኖሬያለሁ። ነገር ግን ጉበቷ የታመመ ልጅ ሳንባዋም ታሟል ብል ማን ይቀበላታል? ብዬ በጥሩ ጽሕፈት «የለም» ብዬ ጻፍኩ።

ሰኞ፤ ወደ ቦንጋ

የቡና ለቀማው ካለቀ ሳምንታት አልፈዋል። ሁለት ቀን የጣለው ዝናብ ጫካውን ቀስቅሶት ቡናው ነጭ አበባ አውጥቷል፤ ንቦቹም ከንጋት ጀምሮ ሥራ ላይ ናቸው። ከቤታችን እስከ መኪናው መንገድ ለጤነኛ ሰው አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ጎረቤቶቼ አራት ሆነው ቃሬዛ ይዘው መጡ።

«መልሱት» አልኳቸው። «ልጄ ሐኪም ዘንድ እንጂ መቃብር አይደለም የምትሄደው።»

«ጋሽ አደሎ፣ ቃሬዛ ላይ የወጣ ሁሉ ሞተ እንዴ?» አለ አንዱ። «እኔ እግሬ ሲሰበር ያወጣችሁኝ በምን ነበር?»

«አንተ ወድቀህ ነው። እሷ አልወደቀችም፤ ቀጥ ብላ ትሄዳለች።»

በበቅሎ አስቀመጥኳት። ባለቤቴ አልማዝ እስከ አጥሩ ሸኘችንና ተመለሰች። መንገድ ላይ ምሕረት ወደ በቅሎዋ አንገት ማጎንበስ ጀመረች። «ቀና በዪ፤ ደረት ሲታጠፍ አየር አይገባም» እላታለሁ። ይህንንም ያነበብኩት ነው፤ የት እንደሆነ ግን አላስታውስም። ቀና ስትል ከንፈሯ ይጠቁራል፤ ጥቂት እንደሄድን ደግሞ ታጎነብሳለች። እኔም ደግሜ አቀናታለሁ። በዚህ ዓይነት መኪናው መንገድ ደረስን።

ወደ ቦንጋ በባጃጅ ስንሄድ የምነግራትን ነገርኳት።

«ሐኪሞቹ ትንፋሽ ያጥርሻል ወይ ካሉሽ አያጥረኝም ትያለሽ።»

«ያጥረኛል እኮ፣ አባዬ።»

«አውቃለሁ።»

«ውሸት ኃጢአት ነው እያልክ አይደል ያሳደግኸን?»

«ይህ ውሸት አይደለም፤ አለመናገር ነው።»

«‹አያጥረኝም› ማለት አለመናገር ነው?»

የባጃጁ ሹፌር በመስታወቱ አየኝ። ፊቴን ወደ ውጭ አዞርኩ።

ቦንጋ ያደርነው እህቴ አበበች ቤት ነው። ቆጮ በማር አቀረበችልን። ምሕረት ጨው በሐኪም ስለተከለከለች ማሩን አስቀድማ በላች፤ ቆጮውን ግን ሦስቴ ጎርሳ ተወችው። እህቴ ከየአልጋው ትራስ ሰብስባ ሦስት አነባብራ አስደገፈቻት። በበኩሌ ትክክል ነው አልኩ፤ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ከፍ ብሎ እንደሚተኛ የማያውቅ የለም። ጠዋት ስገባ ሦስቱም ትራሶች መሬት ላይ ናቸው፤ ምሕረት እንደ ጣውላ ተዘርግታ ተኝታለች።

«ትራሱ ምን አደረገሽ?»

«ከፍ ስል ያፍነኛል።»

«ያፍነኛል የሚባል ነገር የለም ብለናል።»

«እሺ አባዬ፤ አያፍነኝም» አለችና ተነስታ ጫማዋን ስትፈልግ ግድግዳውን ያዘች።

ማክሰኞ፤ በጎጀብ በኩል

መናኸሪያ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ደረስን። ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅን። ከምሕረት ጎን አንዲት ጠና ያለች ሴት ተቀመጠች። እትዬ ዘነበች እንደምትባልና ከጅማ ሽንኩርት አምጥታ ቦንጋ ገበያ እንደምትሸጥ መኪናው ሳይነሳ ነግራን ጨርሳለች። እኔ ከኋላቸው ነኝ።

ከቦንጋ እስከ ጎጀብ ያለውን መንገድ ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ። ጫካው ከግራና ከቀኝ ዘግቶት ይቆይና ቁልቁለቱ ሲጀምር ይገለጣል፤ ሙቀቱም ከታች ይመጣል። የዚያን ቀን ግን ያየሁት የልጄን ማጅራት ብቻ ነው። በየመታጠፊያው ራሷ ወደ እትዬ ዘነበች ጭን ይወርዳል፤ እኔ ከኋላ ትከሻዋን ይዤ አቀናለሁ።

«ኧረ ጋሼ፣ ይተዉአት!» አለ ረዳቱ ከበሩ። «እኔ የተኛ ሰው ትርፍ አላስከፍልም።»

«ሥራህን ሥራ» አልኩት።

ድልድዩን ተሻግረን ለቁርስ ቆምን። ሻይ ሃያ ብር ነው። አስተናጋጇን «ጨው የሌለው ምግብ አላችሁ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ሙዝ አለ፤ እሱን እስካሁን ጨው አልጨመርንበትም» አለችኝ።

ምሕረት ሳቀች። ሳቋ ግን መሐል ላይ ተቋረጠ፤ ትንፋሿን ስትፈልግ ቆየችና ጠረጴዛው ላይ ደፋ አለች። ጣቶቿን ያኔ አየኋቸው። ጥፍሮቿ እንደ ማንኪያ ጀርባ አብጠው ክብ ሆነዋል፤ ከሥራቸው ሰማያዊ ናቸው። መቼ እንዲህ ሆኑ? በየቀኑ አብሬያት እበላለሁ፤ እጇን ግን አላየሁም ነበር።

እትዬ ዘነበች ሻይዋን ይዛ ወደ እኔ ተጠጋች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልበልዎት፤ አይቆጡኝ።»

«ይበሉ።»

«ይቺ ልጅ ጭኔ ላይ ጋደም ስትል ፊቷ ሰው ይሆናል። እርስዎ ሲያቀኗት ይጠቁራል። ከቦንጋ ጀምሮ ሦስቴ አየሁ።»

«እርስዎ ሽንኩርት ነጋዴ ነዎት ወይስ ሐኪም?»

«ሽንኩርት ነጋዴ ነኝ። የተበላሸውን ግን ሳልልጠው አውቃለሁ።»

ከጎጀብ እስከ ጅማ ግን የልጄን ትከሻ አልነካሁም። ምሕረት የሸቤን ከተማ እስክናልፍ ተኛች፤ እኔም የከንፈሯን ቀለም ስጠብቅ ሄድኩ። ሴትዮዋ ትክክል ነበረች። ይህ ደግሞ ፍርሃቴን ጨመረው፤ እኔ ያላወቅኩትን በሽታ እንዴት አድርጌ ነው የምደብቀው?

ረቡዕ፤ ጅማ

ሆስፒታሉ በር ላይ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ተሰለፍን፤ የገባነው አምስት ሰዓት ላይ ነው። ወረፋ ስንጠብቅ ምሕረት አግዳሚው ላይ መጋደም ፈለገች። ሐኪሞች ያያሉ ብዬ ከለከልኳት። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ከልክያታለሁ።

ዶክተሯ በዕድሜ ታላቅ ልጄን ታደሰን የምታህል ሴት ናት፤ ድምጿ ቀስ ያለ ነው። ፋይሉን ገልጣ አነበበችና ምሕረትን ፊት ለፊቷ አስቀመጠቻት።

«ምሕረት፣ ትንፋሽ ያጥርሻል?»

ምሕረት እኔን አየችኝ። «አያጥረኝም።»

«ደረጃ ስትወጪስ?»

«አይ፣ ደህና ነኝ።» ይህን ለመናገር ሁለት ጊዜ ተነፈሰች።

ዶክተሯ ጣት የሚቆነጥጥ ትንሽ የኦክስጅን መለኪያ አጠለቀችላት። ሰማንያ ሦስት አለ። ለጤነኛ ሰው እዚህ አገር ከዘጠና በላይ መሆን እንዳለበት ነገረችንና አልጋው ላይ ያለ ትራስ አስተኛቻት። ጥቂት ደቂቃ ቆየን። ቁጥሩ ሰማንያ ስድስት፣ ሰማንያ ዘጠኝ እያለ ወጥቶ ዘጠና አንድ ላይ ቆመ። «አሁን ተነሺ» አለቻት። ተቀመጠች፤ ቁጥሩም ወረደ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ተኝተሽ የሚሻልሽ?»

የምሕረት ዓይን እንባ ሞልቷል፤ መዋሸትም አለመዋሸትም አቅቷታል። ይህን ሸክም የጫንኩባት እኔ ነኝ። ተነሥቼ ቆምኩ።

«ዶክተር፣ እሷን አይጠይቋት። አያጥረኝም በዪ ያልኳት እኔ ነኝ።»

ዶክተሯ ፋይሉን አገላብጣ የጥቅምቱን ቅጽ ቅጂ አወጣች። «ይህስ?»

«የእኔ ጽሕፈት ነው።»

«ያኔ ያጥራት ነበር?»

«ከምንጭ ስትመለስ ሁለቴ ታርፍ ነበር።»

ወረቀቱን አስቀመጠች። ጋሼ ይቀመጡ አለችኝና ማስረዳት ጀመረች። «ሳንባዋ አልበሰበሰም። ጉበት ሲደክም በሳንባ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይሰፋሉ። ደሙ በሰፊው መንገድ ይሮጥና አየር በደንብ ሳይቀበል ያልፋል። ስትቀመጥ ብዙው ደም ወደ ታች፣ ወደ ሰፉት ሥሮች ይወርዳል፤ ስትተኛ ይከፋፈላል። ብዙ የትንፋሽ በሽተኛ ቀና ሲል ይሻለዋል፤ እሷ ተቃራኒ ናት።»

«መድኃኒቱስ?»

«አዲስ ጉበት ነው።»

«እንግዲያው ይህ አያስከለክላትም?»

«ይህ ብቻ ከሆነ አያስከለክላትም፤ እንዲያውም ቶሎ ይሠራላት የሚያሰኝ ነው። ሌላ ግን አለ። በሳንባዋ ደም ሥር ውስጥ ያለው ግፊት በጣም ከፍ ብሎ ከሆነ ቀዶ ጥገናውን ሊያስቀር ይችላል። እሱን ነገ በልብ አልትራሳውንድ እናያለን።»

ልጠይቅ አልፈለግሁም፤ ግን ጠየቅሁ። «ጥቅምት ላይ ‹አለ› ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ?»

«ይህን ምርመራ ያኔ እንሠራው ነበር። አራት ወር ቀድመን እንልከው ነበር» አለች። «ኦክስጅኑ እየወረደ በሄደ ቁጥር ቀዶ ጥገናው ይከብዳል።»

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፤ አረፋው

ማረፊያችን ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ያለች አልቤርጎ ነበረች፤ ንጹሕ ናት። ሌሊቱን ግን «ግፊት» የሚለው ቃል ከራሴ አልወጣም።

ምርመራው እንዲህ ነው። ጨዋማ ውሃ በሁለት መርፌ ወዲያና ወዲህ እየተገፋ ጥቃቅን አረፋ እስኪሞላው ይመታል። ከዚያ በክንድ ደም ሥር ይሰጣል፤ አረፋው ልብ ውስጥ ሲገባ በስክሪኑ ላይ ይታያል። ጤነኛ ሳንባ አረፋውን ያስቀረዋል። ሥሮቹ ከሰፉ ግን አልፎ በልብ ግራ ክፍል ብቅ ይላል። ዶክተሯ እንድገባ ፈቀደችልኝ።

«አሁን» አለች። የስክሪኑ አንድ ወገን ከቀፎ የወጣ መንጋ ይመስል ነጭ ሆነ። ሌላው ወገን ጥቁር ነው። ዶክተሯ የምሕረትን የልብ ምት ጮክ ብላ ቆጠረች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት...» በአራተኛው በጥቁሩ ወገን አንድ ነጥብ ታየች። ከዚያ አምስት፣ ከዚያ መቁጠር አልቻልኩም።

«አለ» አለች ዶክተሯ። ምሕረት ተኝታ ስክሪኑን ታያለች። «አባዬ፣ ያው፤ አያጥረኝም ያልነው» አለችኝ። ልታስቀኝ ብላ ነው፤ መሳቅ ግን አልቻልኩም።

ቀጥሎ ግፊቱ ተለካ። ዶክተሯ አንዱን ቦታ ደጋግማ አየች፤ ፊቷ ምንም አይናገርም። የአልጋውን ብረት ይዤ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆሜያለሁ። በሕይወቴ ዛፍ ላይ ወጥቼ ቀፎ ስሰቅል እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

በመጨረሻ ጓንቷን አወለቀች። «ግፊቱ ደህና ነው። የሚያስከለክል አይደለም።»

ምሕረት እጇን ዘረጋችልኝ። ያዝኩት። ጥፍሮቿ ቀዝቃዛ ነበሩ።

ዓርብ፤ መመለስ

ዶክተሯ ደብዳቤውን ጻፈች፤ ጉዳዩ አስቸኳይ እንደሆነ ገልጻ በዚያው ቀን በኢሜይል ላከችው። መልሱ መቼ እንደሚመጣ አታውቅም። እስከዚያ ምሕረት ኦክስጅን ያስፈልጋታል። ዶክተሯ ደዋውላ፣ እናታቸው ከሞቱ ወዲህ የኦክስጅን ማሽን ቤታቸው የቀረ ሰዎች አገኘችልን። ሰዎቹ «ስትጨርሱ ለሌላ ስጡት» ብለው አዋሱን። ማሽኑ ከመብራት የሚሠራ ነው። የእኛ ቤት የፀሐይ መብራት አምፖል ቢያበራ ነው፤ ስለዚህ ምሕረት ቦንጋ እህቴ ቤት እንድትቆይ ወሰንን። መለኪያውንም ገዛሁ። በየቀኑ ተኝታም ተቀምጣም ለክተን ለዶክተሯ እንድንልክ ታዘናል፤ የውጭዎቹ የሚያዩት እሱን ነው።

በሚኒባሱ የኋላውን ወንበር ሙሉ ያዝኩና አስተኛኋት። አንድ ተሳፋሪ «ምነው ሰውዬ፣ ልጅቷን ደገፍ አድርጋት እንጂ፤ ትታፈናለች!» አለኝ። ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም። ተኝታ እንደሚሻላት ነገርኩት። አላመነኝም።

ጎጀብን ከተሻገርን በኋላ ወደ እሷ ጎንበስ አልኩ።

«ምሕረት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አውቃለሁ አባዬ።»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም።»

«በል እሺ፤ ጨርስ።»

«ይቅር በይኝ።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «እኔም እኮ አያጥረኝም ብያለሁ» አለች። «ያጠረው እኔን ነው፤ አፉም የእኔ ነበር።» አፏን የዘጋሁት እኔ እንደሆንኩ ስለማውቅ ግን ቃሏ አላጽናናኝም።

ቅዳሜ፤ ቤት

አልማዝን ለመውሰድ ብቻዬን ወደ ማንኪራ ተመለስኩ። አንድ ነገር ዘንግቼ ነበር። እሷ ከደጃፍ ሆና ያየችው ልጇን ይዞ ሄዶ ብቻውን የሚመለስ ሰው ነው። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«አለች! አለች!» እያልኩ ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ።

ተቀምጣ እስክትረጋጋ ውሃ ሰጠኋት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቅጹንም፣ ባጃጅ ውስጥ ያልኩትንም፣ አራቱን ወርም። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚህ ቤት ጥያቄ ሲነሳ መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ።

«ትድናለች?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

ተነሥታ መቀነቷን አጠበቀችና «ተነስ፣ ልጄ ብቻዋን ናት» አለች።

እሑድ፤ ቦንጋ

ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን በአጭሩ እጽፋለሁ፤ ረጅም ምክር ለመስጠት መብት የለኝም። ቤቱ የታመመ ሰው ያለው አንባቢ ለሐኪም ጉድለቱን አስቀድሞ ይንገር። ሐኪም ገዢ አይደለም፤ የሚደበቅለትም በቅሎ የለም። ሁለተኛ፣ የሚተነፍሰውን ሰው ይጠይቅ። እኔ ልጄ እንዴት መተንፈስ እንዳለባት አነበብኩ እንጂ ምን እንደሚሻላት አልጠየቅኳትም። አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ በግማሽ ቀን ያየችውን እኔ በአራት ወር አላየሁም።

ዛሬ ጠዋት የኦክስጅኑን ቱቦ ለጥቂት ጊዜ አውልቀን መለኪያውን ጣቷ ላይ አጠለቅኩ። እናቷ ከአልጋው ግርጌ ቆማለች። ተኝታ ዘጠና። ተቀምጣ ሰማንያ አንድ፤ ረቡዕ ከነበረው ሁለት ያነሰ ነው። ደብተሩ ጉልበቴ ላይ ነው። እውነቱን ልናገር፤ ሰማንያ ሦስት ብዬ ልጽፍ እጄን ቃጥቶታል። የወረደ ቁጥር አይተው ከበዳት ቢሉስ? አልኩ።

«ስንት ነው አባዬ?» አለች ምሕረት።

«ሰማንያ አንድ።»

«ወርዷል።»

«አዎ፣ ወርዷል።»

ተመልሳ ተኛች፤ እናቷ የኦክስጅኑን ቱቦ መልሳ አደረገችላት። ሰማንያ አንድ ብዬ ጻፍኩ፤ ስልኬን አንሥቼም ለዶክተሯ ላክሁት።